ስለ መሪ መጨበጫ ዕድሜና ስለ ፈረሰው ግድግዳዬ

ቀን፦ 12/07/17

ለመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የመንዳት ልምምድ መጀመሪያ ዕድሜ ከአሥራ ስምንት ወደ አሥራ ስድስት ዓመት ዝቅ እንዲል በወጣው ረቂቅ ላይ አስተያየት፣ አቤቱታና አንድ ልመና ስለማቅረብ

አመልካች፣ ዋናው መንገድ ማዕዘን ላይ የሴቶች ፀጉር ቤት ያለኝ፣ ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነኝ። የተከበረው ጽሕፈት ቤታችሁ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፈው ረቂቅ «አስተያየት ያለው በጽሑፍ ያቅርብ» ይላል። በፀጉር ቤት አስተያየት ጠፍቶ አያውቅም፤ የሚጠፋው የሚጽፈው ሰው ነው። እነሆ እኔ ጻፍኩ። ጽሑፌ ቢረዝምብዎ እጄ ፀጉር መቀጠል የለመደ ስለሆነ ነውና ክቡርነትዎ ይቅር ይበሉኝ።

1. ባለቤቴ ሶፋ ሠሪ ነው። መሥሪያው ከፀጉር ቤቴ ጀርባ ባለው ግቢያችን ውስጥ ሲሆን፣ የእሱን መዶሻና የእኔን ፀጉር ማድረቂያ ካስክ የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነበር። «ነበር» ያልኩት ተሳስቼ አይደለም፤ ወደዚያው እየመጣሁ ነው። የተሠራውን ሶፋ ለደንበኛ የምታደርስ አንዲት ያረጀች ነጭ ፒክአፕ አለችን። የሚነዳት ባለቤቴ ብቻ ነው። እኔ በሕይወቴ የነዳሁት የልጄን ጋሪ ሲሆን፣ እሱንም ከጎረቤት አጥር ጋር አላትሜዋለሁ።

2. ረቂቁ የተለጠፈ ዕለት ባለቤቴ ወሬውን ይዞ እያለከለከ መጣ። «ሰማሽ? በአሥራ ስድስት ዓመት መለማመድ ሊፈቀድ ነው!» አለኝ። ልጃችን አሥራ ስድስት የሞላት በቅርቡ ነው። እኔም «ይህቺ ልጅ? የጫማዋን ክር እንኳ አስራ ከቤት አትወጣም» አልኩት። ልጄ ከመጽሐፏ ቀና ሳትል «እማዬ፣ ጫማዬ እኮ ክር የለውም» አለች።

ክርክሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ባለቤቴ ግን ረቂቁ እስኪጸድቅ የሚጠብቅበት ትዕግሥት አልነበረውም። በዚያው ሳምንት በግቢያችን ውስጥ ያስተምራት ጀመር። ጥድፊያው ግራ ቢገባኝ «ምን ያስቸኩልሃል? መንገዱ አይሸሽ!» ብለው፣ «አንቺ ደግሞ!» ብሎኝ አለፈ። ግቢው በር ያለው የግል ግቢ ስለሆነ በዚህ ሁሉ የተጣሰ ሕግ የለም። የተጣሰው ግድግዳ ነው።

3. ስለ አስተማሪነቱ እውነቱን ለመናገር፣ ባለቤቴ በደህናው ቀን ሶፋውን «ይቅርታ» ብሎ ሚስማር የሚመታ የሚመስል ረጋ ያለ ሰው ነው። ልጁ አጠገብ ሲቀመጥ ግን ሌላ ሰው ይወጣዋል። «ፍሪሲዮን! ፍሬን! ቀኝ! ቀኝ አልኩሽ! ተይው፣ ግራ!» ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው። ደንበኞቼ ካስክ ውስጥ እንደተቀመጡ በጩኸቱ ብቻ ማርሽ መቀየር ተምረዋል። አንዷማ ከወንበሩ ስትነሣ እግሯ ፍሪሲዮን ይፈልግ ነበር።

4. አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ከጀርባ የተለመደው ጩኸት ተሰማ፤ ቀጥሎም ያልተለመደ ድምፅ። ቆርቆሮው ተጨራምቶ ተቀደደና የፒክአፗ አፍንጫ በሁለቱ ካስኮች መካከል ብቅ አለ። መስተዋቱ ወደቀ፣ የፀጉር መጠቅለያው ቢጎዲን ወለሉ ላይ ተበተነ፤ ፈጣሪ ይመስገን፣ ሰው ላይ ግን ጭረት እንኳ አልደረሰም። በቀኙ ካስክ ውስጥ የነበረችው የልጄ የሒሳብ መምህር ካስኩን ከፍ አድርጋ መኪናዋን አየችና «ተራ አስጠብቋት እንጂ!» አለች።

ሁሉም ሲስቅ እኔ ከወለሉ ላይ ቢጎዲን እለቅም ነበር። ባለቤቴ ከመኪናዋ ወርዶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ በፈረሰው ግድግዳ በኩል ለሁላችንም «ልጅ ናት! ዕድሜዋ አልደረሰም፣ ምን ላድርግ!» አለ። ልጄ ከኋላው ቆማ እሱን አየችው። ከዚያ እኔን አየችና ቀስ ብላ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች።

5. ክቡር ኃላፊ ሆይ፣ እኔም ያን ዕለት ብዕር አንሥቼ ነበር። መነሻ ዕድሜው አሥራ ስድስት ቀርቶ አሥራ ስምንትም እንዳይሆን፣ ሃያ አምስት እንዲሆን ልጠይቅ ነበር። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ልጄ ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናዋ አጠገብ ደርሳ አታውቅም። ጓደኞቿ በረቂቁ ምክንያት ስለ መንዳት ሲያወሩ እሷ ተነሥታ ትሄዳለች። ምግብ ሲቀርብ «ጠግቤያለሁ» ትላለች። ለአባቷ ግን ከበፊቱ ይልቅ ትታዘዝ ጀመር፤ ይህ ነው ያሳሰበኝ። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ ያለ ምክንያት አትታዘዝም።

6. የሒሳብ መምህሯ ግማሽ ራሷ ደርቆ ግማሹ እርጥብ ሆኖ ስለሄደች፣ ግማሹን ልታስጨርስ ተመልሳ መጣች። እየሠራኋት ሳለ በተረፈው መስተዋት ውስጥ አየችኝና «ልጅሽን ተቆጣሻት?» አለችኝ። «ግድግዳ አፍርሳ ልስማት እንዴ?» አልኳት።

«እሷ አይደለችም ያፈረሰችው» አለች። «ከመጋጨቱ በፊት ‹አባዬ ልቀቀው፣ ግድግዳ አለ!› ስትል ሰምቻታለሁ።»

«ካስክ ውስጥ ሆነሽ?»

«አስተማሪ ነኝ እኮ። ጀርባዬን ሰጥቼ እየጻፍኩ የኋላ ወንበር ላይ የሚንሾካሾከውን እሰማለሁ።»

የሰው ቤት ወሬ ሁሉ እኔ ወንበር ላይ ይራገፋል። የራሴን ቤት ግን የነገረችኝ ደንበኛ ናት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

7. ልጄን ጓዳ አስገብቼ በሩን ዘጋሁና «መሪውን ማን ነው የጠመዘዘው?» አልኳት። መጀመሪያ «እኔ» አለች። አገጯን ይዤ ቀና አደረግኋት። ያኔ እንባዋ መጣ።

«እማዬ፣ አባዬ በቀኝ በኩል አያይም። በግራ የተቀመጠውን የሶፋ እንጨት እንዳልነካ ብሎ መሪውን ወደ ቀኝ ሳበው። ግድግዳው እዚያ መኖሩን አላየውም። እኔ ፍሬን ይዤ ነበር፤ ግን ዘገየ።»

«ታዲያ ለምን ‹እኔ ነኝ› አልሽ?»

«ያ ሁሉ ሰው እያየው ምን ልበል? መንጃ ፈቃዱን ቢወስዱበትስ? ለማንም እንዳትነግሪ፣ በሞቴ!»

ከዚያ አንድ በአንድ ነገረችኝ። የበሩን መቃን በቀኝ ትከሻው እንደሚመታ፣ በቀኙ ያስቀመጡለትን ብርጭቆ እንደሚደፋ፣ የፒክአፗ ጭረት ሁሉ በቀኝ በኩል መሆኑን። አብረው ሲሄዱ እሷ ሁልጊዜ በቀኙ የምትሄደውም ለዚሁ ነው። እኔ አይቼያቸው «አቤት ሲዋደዱ» እያልኩ በልቤ ስቀናባቸው ነበር። ለካ ልጅቷ ዓይን ሆናለት ኖሯል።

8. ባለቤቴ ጋ ስሄድ ሶፋ እየወጠረ ነበር። ሲሠራ ትንንሾቹን ሚስማሮች በአፉ ይይዛል፤ ለትዳራችን ዕድሜም ይህ ልማድ ብዙ ረድቶናል። ያን ቀን ግን «አውጣቸው» አልኩት። አወጣቸው።

«ዓይንህን መቼ ነው የጀመረህ?»

«ምኑን?»

«ኧረ ተው።»

መዶሻውን አስቀመጠ። «ድካም መስሎኝ ነበር» አለ። «ከዚያ እየባሰ ሲሄድ ፈራሁ። እኔ ካቆምኩ ማን ይነዳል? ያ ረቂቅ ሲወጣ መንገድ የተከፈተልኝ መሰለኝ። ቶሎ ካላስተማርኳት እያልኩ... ደግሞ ልጄ ላይ...» አልጨረሰውም። ጩኸቱ የጭካኔ ሳይሆን የፍርሃት እንደነበር ያኔ ገባኝ። በእርግጥ ለጆሮ ልዩነት የለውም።

ከዚያ ያደረገውን ክቡርነትዎ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ያ ሰው ሴቶች ስላሉበት አፍሮ በፀጉር ቤቴ የፊት በር ገብቶ አያውቅም። በማግሥቱ ግን ፀጉር ቤቱ ሞልቶ ሳለ ልጁን ይዞ በፊት በር ገባ። የሚሠራበትን ሽርጥ እንኳ አላወለቀም። «ያን ቀን መሪውን የጠመዘዝኩት እኔ ነኝ። ልጄ በደንብ ነበር የምትነዳው። ዋሽቼባታለሁ» አለ። ከካስክ ውስጥ አንዷ «እሰይ የእኔ ወንድም!» ስትል ልጄ አባቷን አንገቱን አንቃ አቀፈችው። በዚያ ቀን የቀባሁት ማስካራ ሁሉ ፈሷል፤ ሁሉንም በነፃ አድሻለሁ።

9. ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሟ መርምራው የዓይን ግፊት መሆኑን ነገረችን። «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በጠብታ እናቆየዋለን። በርትተው ከተከታተሉ ሶፋውን ይሠራሉ። መንዳት ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቅርብዎ» አለችው። «ትንሽ ትንሽስ?» ሲላት፣ «ትንሽ ግድግዳ አለ እንዴ?» አለችው። ነገሩን ልጄ ቀድማ ነግራት ኖሯል።

ቤት ገብተን ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ባለቤቴ ልጃችንን አያት። እሷ «ሕጉ እንደሆነ አልደረሰልኝም» አለች። ከዚያ ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። «ምን ታዩኛላችሁ?» አልኩ።

10. በዚህ ሁሉ የተረዳሁት የሚከተለው ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሲባል ሁሉም ልጅ አንድ አይደለም፤ አርባ ዓመትም እንደዚያው። የእኔ ልጅ ያየችውን ባለ መንጃ ፈቃዱ አላየም፤ የያዘችውንም ፍሬን ማንም አላመሰገናትም። ሆኖም እናት ነኝና ልቤ ሙሉ በሙሉ አልተሸነፈም። ብቻዋን ገበያ መሐል ስትነዳ ለማየት ገና ብዙ ጸሎት ይቀረኛል። ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ. አሥራ ስድስት ዓመት የሞላቸው ልጆች በታወቀ ማሰልጠኛ፣ ፈቃድ ያለው ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ እንዲለማመዱ ረቂቁ እንዲጸድቅ፤ ብቻቸውን የሚነዱበት ዕድሜ ግን አሥራ ስምንት ሆኖ እንዲቆይ። በመካከሉ ያለው ጊዜ ለልጁ መማሪያ፣ ለእናት መልመጃ ይሆናል።

ለ. አጠገብ የሚቀመጠው ሰው ዓይኑ በቅርቡ የተመረመረ እንዲሆን፣ ስለ አነጋገሩም አጭር ትምህርት እንዲሰጠው። «ቀኝ» እና «ግራ» በአንድ ትንፋሽ ማለት ቢከለከል አልቃወምም።

ሐ. የዓይን ምርመራ መንጃ ፈቃድ ሲታደስ ብቻ ሳይሆን በየመካከሉ እንዲደረግ። ሰው ፈቃዱን እንዳያጣ ብሎ ዓይኑን ይደብቃል፤ ልጁም አብራ ትደብቅለታለች። ምርመራው የሁሉም ግዴታ ቢሆን ማንም ለብቻው አያፍርም ነበር።

11. እኔን በተመለከተ፣ ማሰልጠኛ ተመዝግቤያለሁ። በዕድሜ በኩል እንኳ ረቂቁም ሆነ ነባሩ ሕግ የሚከለክለኝ አይመስለኝም። ከትምህርት ስትመለስ ልጄ በግቢያችን ውስጥ ታለማምደኛለች። «እማዬ፣ መኪናዋን እኮ ፀጉር አታጥቢያትም፤ መሪውን ቀስ አድርጊ» ትለኛለች። ባለቤቴ በሩቅ ቆሞ ያየናል፤ የመጨረሻውን የአበባ ማሰሮዬን የገጨሁ ቀን እንኳ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ሚስማሮቹ አፉ ውስጥ ነበሩ። ግድግዳው በጡብ ተሠርቷል። የሠራው ግንበኛ እኔን ሲያይ ወፍራም አድርጎ ነው የሠራው።

12. ከላይ በጉዳዩ ላይ የጠቀስኩት ልመና ይህ ነው። ይህን አቤቱታ ይዞ የሚመጣው ባለቤቴ ነው። መንጃ ፈቃዱንም በዚያው በገዛ እጁ ይመልሳል፤ ማንም አላስገደደውም። ወደ እናንተ ቤት በቀን ውስጥ ከሚመጡት ወረቀቶች አንዱ እንደሚሆን አውቃለሁ። እሱ ግን ከትናንት ጀምሮ ሸሚዙን ተኩሶ ሰቅሏል። በዚያች ፈቃድ የብዙ ሰው ቤት ሶፋ አድርሷል፣ ምጥ የያዛት ጎረቤት ሐኪም ቤት አድርሷል፣ እኔንም ከእናቴ ቤት ያመጣኝ በእሷ ነው። ስለዚህ መስኮቱ ላይ ያሉት ሠራተኛ ፈቃዱን ተቀብለው «ቀጣይ!» ከማለታቸው በፊት፣ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «ስላገለገሉ እናመሰግናለን» ቢሉልኝ፣ ውለታው ለእኔ ከጠየቅሁት ሁሉ ይበልጥብኛል።

ከግቢያችንና ከወንበሮቼ ሁሉ የከበረ ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የማዕዘኑ ፀጉር ሠሪ