ያረጀ ጨርቅ መርፌ አይችልም

የማህፀኔ ፍሬ፣ የረገጥሽው ይለምልምልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኔ ጉልበቴ ቢያስቸግረኝም አለሁ። የላይኛዋ ጎረቤታችን ዛሬም እጣቢዋን በመስኮት ትደፋብናለች።

አባትሽን የልብ ሐኪም ዘንድ ወስጄው ነበር። የልቡ ደም ስሮች ሦስት ቦታ ጠበዋል አለን። መድኃኒት ሕመሙን ያስታግስለታል እንጂ ብቻውን አይበቃውም፤ በእጁ በኩል ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ማስፋቱም ለእሱ አያዋጣም፤ የሚሻለው ደረቱን ከፍቶ፣ ከእግሩ የደም ስር ወስዶ፣ ለደሙ ሌላ መንገድ መቀጠል ነው አለ። አባትሽ ልብስ ሰፊ አይደል፣ «ዶክተር፣ ያረጀ ጨርቅ መርፌ አይችልም፤ ከስፌቱ አጠገብ ይቀደዳል» ብሎ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ሐኪሙ እስከ ደረጃው ተከትሎ ለመነው። እኔም ለመንኩ፣ አለቀስኩ፣ አኮረፍኩ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ።

አሁን ክኒኑን ይውጥና የስፌት መኪናው ፊት ይቀመጣል፤ ትንሽ ረግጦ ያርፋል። ሰው ሱሪ ሊያሳጥር ሲመጣ «ክር አልቆብኛል» ይለዋል። መደርደሪያው ግን ክር ሙሉ ነው። እኔ ተስፋዬ ተሟጧል፣ ልጄ።

አንቺ ሳትደራርቢ ብርድ ላይ አትውጪ፤ ምግብሽንም አትዝለይ። ከሰው ዓይን ይሰውርሽ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ባለፈው ከአባትሽ ጋር በስልክ እያወራችሁ ዝም ሲልብሽ፣ ኔትወርክ ነው ብለሽ ዘጋሽው። ኔትወርኩ ደህና ነበር፤ እሱ ትንፋሹን እየሰበሰበ ነበር። ሲመለስለት «ልጄ» አለ፤ አልነበርሽም። ከእንግዲህ ዝም ሲል፣ እባክሽ ትንሽ ጠብቂው።