ስህተት ያረመው ኤኮ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14 ቀን

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ? የአክስቴ ጉልበት እንዴት ሆነ? ባለፈው በስልክ «አሁንማ ደረጃውን በሩጫ ነው የምትወጣው» ስትዪኝ ደስ አለኝ። መስመሩ ተቋረጠ እንጂ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ ነበር። ልታስታምሚያት ነበር የሄድሽው፤ እሷ ድና ደረጃ በሩጫ ከወጣች፣ አሁን ማን ማንን እያስታመመ ነው? በቃ፣ አልነዘንዝሽም። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ድምፅ ነው።

አዳራሹ ታድሶ ሊከፈት ነው። ወለሉ አዲስ፣ ወንበሩ አዲስ፣ መጋረጃው ብቻ ለምን እንደሆነ እንጃ ያው የድሮው ነው። ለመክፈቻው ምሽት የጋበዙት ማንን መሰለሽ? አባዬን ከነጓደኞቹ! ከበሮ መቺው ጋሼ ነጎድጓድ አሁንም በር ሲያንኳኳ ጎረቤት ሁሉ ብቅ ይላል። ቤዝ ተጫዋቹ ጋሼ ዝምታም እንደ ድሮው ራሱን ነቅንቆ ሰላም ብሎ ያልፋል። አዘጋጁ የለመናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያቺ ያለ ዘፋኝ በጊታር የምትመራው ዜማቸው፣ ሸክላው ላይ እንዳለችው ሆና እንድትሰማ። አባዬ ጣቶቹ ጠዋት ጠዋት እየደረቁ አስቸግረውታል። «ከዚህ በኋላ መድረክ አልወጣም፤ ስለዚህ ድምፁ እንከን እንዲኖረው አልፈልግም» ብሏል።

ድምፁን የማምጣቱ ሥራ የማን ሆነ? የኔ ነዋ። ጉራ እንዳይመስልሽ፣ እሺ፣ ጉራ ነው፣ ግን በዚህ ከተማ የሞተ አምፕሊፋየር ከፍቶ ነፍስ የሚዘራበት ከኔ ሌላ የለም። ወጣት ጊታሪስቶች ሱቄ እየመጡ «የአባትሽን ድምፅ እንዴት እናገኘዋለን?» ይሉኛል። እግራቸው ሥር የሚደረደረውን ድምፅ የሚለውጥ ባለ ቀለም ሳጥን ሁሉ ገዝተው ጨርሰዋል። ድምፁ ግን እምቢ አላቸው። እኔም በልቤ እየሳቅኩ ሻይ እጋብዛቸዋለሁ።

የአባዬን አሮጌ አምፕሊፋየር ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጄ ስከፍተው አይጥ ቤት ሠርታበታለች። አጸዳሁት። የመስታወት ቱቦዎቹን እየነቀልኩ ፈተሽኩ፣ የደከሙትን ቀየርኩ። ስፒከሩን ግን አልነካሁትም፤ ወረቀቱ በአንድ በኩል ትንሽ ተቀዷል፣ ያቺ ቀዳዳ ናት ለድምፁ ሻከር ያለ ነገር የምትሰጠው። ጊታሩ ላይ አዲስ ክር ሳስርበት እንደ ቆርቆሮ ጮኸብኝ። አባዬ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እኛ ያኔ አዲስ ክር ከየት አባታችን እናመጣለን? ሲደክም ቀቅለን ነበር መልሰን የምናስረው» አለና ከመሳቢያው ወፋፍራም አሮጌ ክሮች አውጥቶ ሰጠኝ። ቀቀልኳቸው። ድስቱ ያንቺ ትንሿ ድስት ነበረች፤ ስትመጪ አዲስ እገዛልሻለሁ።

ክሩ ታስሮ፣ አባዬ ከጫፉ ጠጋ ብሎ ሲመታውና ጊታሩ ላይ ባለችው የብረት እጀታ ድምፁን ሲያርገበግበው፣ መፍቻዬን አስቀመጥኩ። ያ ድምፅ መጣ። ማለቴ ልብሱ መጣ፣ ባለቤቱ ግን ውስጡ አልነበረም። ኤኮው ቀርቷል።

ያቺን የኤኮ ሳጥን መቼም ታውቂያታለሽ፤ አባዬ ከአሮጌ ቴፕ የሠራት፣ የተመታውን ቀድታ ትንሽ ቆይታ የምትደግመዋ። እኔ ያደግሁት የሸክላው ምስጢር እሷ ናት ሲባል እየሰማሁ ነው። ለጋዜጣ ነግሯል፣ ለሬዲዮ ነግሯል፣ ቤታችን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ክዳኗን ከፍቶ አሳይቷል። ሞተሯን ጠገንኩ፣ የቴፕ ክሯን ቀየርኩ። ትሠራለች፣ ትደግማለች። ግን ያ አይደለም። ፍጥነቷን ብጨምር፣ ብቀንስ፣ አንድ ቦታ ስትገጥም ሌላ ቦታ ትስታለች። አባዬ ደግሞ «ትንሽ ነው የቀራት» እያለ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ጆሮዬን መጠራጠር ጀመርኩ። እኔ! ጆሮዬን!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሼ ዝምታ ሳይጠራ ሱቄ ገባ። በጋዜጣ የተጠቀለለ የቴፕ ክር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ሸክላውን ተዪው። ሸክላ ላይ የገባው ሁለተኛ ጊዜ ተጫውተን የቀዳነው ነው፤ ይኼ የመጀመሪያው ነው፣ እሱን ስሚው» አለኝ። ለሱ ይኼን ያህል መናገር የዓመት ሥራ ነው። ወንበር እንኳ ሳልሰጠው ወጣ።

አዳመጥኩት። ዜማው ወደ ላይ በሚወጣበት ቦታ አባዬ አንድ ኖታ ሳተ። ደህና፣ ሰው ነው ይስታል። ሳጥኗ ብትሆን ስህተቱን እንዳለ ትደግመዋለች። ይኼ ኤኮ ግን አልደገመውም፤ ትክክለኛውን ኖታ መታ። መልሼ አጫወትኩት። አሁንም መለስኩት። እማዬ፣ ሥራዬ ስለሆነ አውቃለሁ፤ ስህተት የሚያርም ማሽን እስከ ዛሬ አላየሁም። ሰው ነበር።

ከዚያማ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ፍጥነቱ አልገጥም ያለኝ ለዚህ ነው፤ አባዬ ሲቸኩል አብሮት ይቸኩላል፣ ሲያመነታ ይጠብቀዋል። አጠባበቁን ደግሞ አወቅሁት። ልጅ ሆኜ አባዬ ሳሎን ሲለማመድ አንቺ ወጥ ቤት ሆነሽ የድስቱን ክዳን በጣትሽ እየመታሽ፣ ከሱ ትንሽ ዘግየት ብለሽ ትከተዪው ነበር። እንዴት ብዬ እስታለሁ?

ወዲያው ቴፑን ተሸክሜ ቤት ሄድኩና አባዬን አስቀምጬ አሰማሁት። ስህተቱ ጋ ሲደርስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ማን ናት?» አልኩት።

«እናትሽ ናት» አለ። «የዚያን ዕለት ሳጥኗ ጨሰችብኝ። ስቱዲዮው የኛ የነበረው እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ነው። እናትሽ ምሳ ይዛልን መጥታ ነበር። የምግቡን ዕቃ አስቀመጠች፣ ሁለተኛውን ጊታር አነሳች፣ ጥግ ላይ ቁጭ አለችና 'አንተ ምታ፣ እኔ እከተልሃለሁ' አለችኝ።»

«ታዲያ ለጋዜጠኛው ሳጥኗን ያሳየኸው ለምንድን ነው?»

«ሳጥኗን የሠራኋት እኔ ነኛ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አላየኝም።

ተናደድኩ። ላንቺም ነው የተናደድኩት፤ ልንገርሽ። እንግዳ በመጣ ቁጥር እሱ ክዳኗን ሲከፍት አንቺ ሻይ ይዘሽ ከኋላው ትቆሚ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «ኧረ ተው አትዋሽ» አይባልም? ሸክላው ላይ ያለው ፎቶ ውስጥ ሦስት ወንዶች አሉ። እኔ እናቴ ጊታር መቻሏን ያወቅሁት በዚህ ዕድሜዬ፣ ከቴፕ ነው። ይኼ ያናድዳል፣ እማዬ። አልቅሼበታለሁም።

በማግስቱ ልምምድ ላይ ነገርኳቸው። ጋሼ ነጎድጓድ «እኛማ መች አጣነው! ከበሮው ጀርባ ሆኜ የሷን ዓይን እያየሁ ነው የመታሁት» ብሎ አረፈው። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አላችሁ?» ስለው ወደ አባዬ በአገጩ እያመለከተ «ባለቤቱ ሲናገር እንሰማለን ብለን ነዋ» አለኝ። ጋሼ ዝምታ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ሁለተኛውን ጊታር አንስቼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ጊታር ሱቄ ውስጥ ስጠግን እየሞከርኩ ለምጃለሁ፣ ያንቺን ቦታ ደግሞ ከቴፑ አጥንቼዋለሁ፤ የጊታሩን ድምፅ ዝቅ አድርጌ ከአባዬ ኋላ ኋላ ተከተልኩ። መጣ! እማዬ፣ ራሱ መጣ፣ ያ የሸክላው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ጋሼ ነጎድጓድ በደስታ ጮኸ። አባዬ ግን እጁን ክሮቹ ላይ ጫነና ዝም አሰኛቸው።

«አይሆንም» አለ።

«ምኑ ነው የጎደለው?»

«ምንም አልጎደለም፣ ጎበዝ ነሽ። ግን አንዴ ሳጥን በሷ ቦታ አስቀምጬ ዋሽቻለሁ። አሁን ደግሞ አንቺን አስቀምጬ ልዋሽ?» ጊታሩን ከትከሻው አወለቀ። «እሷ ከሌለች ያለ ኤኮ ነው የምጫወተው። ለሰዉም ከመጀመሬ በፊት እነግረዋለሁ። ያለሷ ምን እንደምመስል ይስሙት።»

እንግዲህ ነገሩ ይኼ ነው። አዳራሹ የሚከፈተው በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ነው። አባዬ እንዳልጽፍልሽ አስጠንቅቆኛል፤ «አዝናልኝ እንድትመጣ አልፈልግም» ይላል። እኔም ለሱ ስትዪ ነይ አላልኩሽም። ይቅር በዪውም አላልኩሽም፤ እሱ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። የራስሽን ድምፅ በራስሽ እጅ ልትጫወቺው ነይ ነው የምልሽ። «እጄ ዝጓል» እንዳትዪኝ ብቻ። ከጎረቤት ልጅ ጊታር ተውሰሽ በርሽን ዘግተሽ እንደምትጫወቺ አክስቴ በስልክ አምልጧት ነግራኛለች። እንዳትቆጫት፣ ወዲያው «አልነገርኩሽም» ብላለች።

ሁለተኛው ጊታር ተዘጋጅቷል፣ ክሩም ተቀቅሏል። ትንሿን አምፕሊፋየር ላንቺ ብዬ አስተካክዬልሻለሁ፤ ከመድረኩ በቀኝ በኩል ጥግ ላይ ትቆማለች፣ ወንበርም አጠገቧ አለ። የአውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ መጥቼ እቀበልሻለሁ። የምትደርሺበትን ሰዓት ብቻ ንገሪኝ።

ይህን ስጽፍልሽ አባዬ ከግድግዳው ማዶ እየተለማመደ ነው። ሳጥኗን ነቅሎ ጓዳ አስገብቷታል፤ ጊታሩ ብቻውን፣ ደረቅ ያለ ድምፅ ነው የሚሰማው። ግን ዜማውን ትንሽ ይመታና ቆም ይላል፣ ደግሞ ይመታና ቆም ይላል። መጀመሪያ ጣቶቹ አስቸግረውት መስሎኝ ልገባ ተነስቼ ነበር። በኋላ ቆጥሬ ሳየው የሚቆመው አንቺ በምትመልሺበት ቦታ ሁሉ ነው።

አክስቴን ሳሚልኝ። ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ እጅሽን ያፍታታልሽ። እኔንም መርቂኝ።

ጆሮዋን ካንቺ የወረሰችው
ልጅሽ