ፊቴን ከልጅቷ መዝገብ ላይ ያንሡልኝ

ለተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤት የኦንላይን ትምህርት ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከመላው ቤተሰብዎ፣ ከኮምፒውተርዎና ከማይቋረጠው ኢንተርኔትዎ ጋር በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤና ከጠየቁ፣ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ወደ ጉልበቴ ጉዳይ በተራ ቁጥር ሦስት እመለሳለሁ።

ዕድሜዬ ሰባ ስድስት ነው። አርባ ዓመት ቁልፍ ሠሪ ሆኜ፣ ቁልፍ ጠፍቶባቸው ደጅ የቀሩ ሰዎችን ወደየቤታቸው ሳስገባ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በእርስዎ መዝገብ ግን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በቅርብ ዘመን ፊቴ ላይ ልጅነት ያየ መሥሪያ ቤት የእርስዎ ብቻ በመሆኑ ምስጋናዬን በቅድሚያ አቀርባለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ እስኪታደስ ድረስ ልጆች በየቤታቸው «በነፃነት እየመረመሩ» እንዲማሩ መተግበሪያ ያወጡ ጊዜ፣ የስምንት ዓመት የልጅ ልጄን የማስመዝገቡ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ለምን ማለት ስለማይሰለቻት ቤተሰቡ ለምንዬ ይላታል። እናቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ነርስ ስለሆነች ጠዋት ወጥታ የምትመለሰው አመሻሽ ላይ ነው። ስልኩ «የተማሪውን ፊት ክቡ ውስጥ ያድርጉ» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ፊደሉ ከጉንዳን እግር የሚያንስ ነውና መነጽሬን አድርጌ ለማንበብ ጎንበስ ስል፣ ቀጭ አለና «እንኳን ደስ አለህ፣ ጎበዝ ተማሪ!» አለኝ። ለምንዬ ፀጉሯን ተበጥራ፣ ፈገግታዋን አዘጋጅታ፣ አጠገቤ እንደቆመች ቀረች።

ከዚያ ቀን ወዲህ የዋሉልንን ውለታ በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ፤ ትምህርቱ የሚከፈተው በእኔ ፊት ነው። ከተከፈተም በኋላ በየአሥር ደቂቃው «ተማሪ፣ አለህ?» እያለ ይፈልገኛል፤ ካጣኝ ትምህርቱን ዘግቶ ቀሪ ይመዘግባል። ኔትወርክ የሚገባው በመስኮቱ በኩል ብቻ ስለሆነ፣ ስልኩን በስኳር ጣሳ አስደግፈን፣ እሷ ከፊት በርጩማ ላይ፣ እኔ ከትከሻዋ በላይ አንገቴን አስግጌ ወንበር ላይ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል እንቀመጣለን። መጸዳጃ ቤት እንኳ የምሄደው ደቂቃ ቆጥሬ ነው፤ ይህ በእኔ ዕድሜ ምን ማለት እንደሆነ ክቡርነትዎም ሲደርሱበት ያስታውሱኛል። ዳማ የምንጫወት ጡረተኛ ሾፌር ወዳጅ አለኝ። መጀመሪያ ሰሞን ይጠብቀኝ ነበር። ቀጥሎ መስኮቱ ሥር ቆሞ «አንተ ሽማግሌ! እጅህን አውጣና አስፈቅደህ ውጣ እንጂ!» እያለ መንገደኛውን ያስቅብኝ ጀመር። አሁን ከሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ጋር ነው የሚጫወተው፤ ሲሸነፍ የሚያሰማው ጩኸት እስከ ወንበሬ ይደርሳል። ለእኔ አንድም ቀን እንደዚያ ጮሆልኝ አያውቅም።

፪ኛ፤ ስሕተት ለሚታረምበት መንገድ የሠሩትን መቆለፊያ በሙያዬ አደንቃለሁ። ፎቶ ለመቀየር አሳዳጊው በፊቱ ማረጋገጥ አለበት። ፊቴን አቀረብኩ፤ «አሳዳጊና ተማሪ አንድ ሰው ሊሆኑ አይችሉም» ተባልኩ። ልጄ ፊቷን አቀረበች፤ «በአሳዳጊነት አልተመዘገቡም፤ ለመመዝገብ ነባሩ አሳዳጊ ያረጋግጥ» ተባለች። ነባሩ አሳዳጊ ደግሞ ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ። በመጨረሻ ከዘራዬን ይዤ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛዎ በትሕትና «አባባ፣ በአካል መምጣት ቀርቷል እኮ፤ ኦንላይን ይግቡ» አለችኝ። ችግሬ መግባት አለመቻሌ መሆኑን ባስረዳት፣ «እሱንም ኦንላይን ነው የሚያመለክቱት» አለችኝ። አልተቀየምኳትም፤ እሷም እንደኔ መስኮት ሥር የታሰረች ናት። እኔ እዚያ ተሰልፌ ሳለሁ ለምንዬ ቤት ውስጥ የሦስት ትምህርት ቀሪ ተባለች። ይቅርታ፣ ቀሪ የተባልኩት እኔ ነኝ።

፫ኛ፤ ጉልበቴ። መተግበሪያዎ በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ዝላይ የሚቆጥረው ፊት ከፍ ዝቅ ሲል እያየ ነው። ለምንዬ ሃያ ጊዜ ዘለለች፤ ዜሮ። እኔ ስድስት ጊዜ ዘለልኩ፤ ስድስት። ሰባተኛው ላይ ጉልበቴ ቀጭ አለ፣ ያውም ከስልኩ አብልጦ። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት እየደበደበች «ኧረ ምን እየፈለጣችሁ ነው?» ብላ ጮኸች። ልጄ ከሥራ ስትመለስ ጉልበቴን በፋሻ እየጠቀለለች፣ ሳቋን አፍና፣ «አባዬ፣ የሚቀጥለው ሳምንት እኮ የገመድ ዝላይ ነው» አለችኝ።

፬ኛ፤ ምርምሩ። ስለ ሸረሪት በምንማርበት ቀን አንዲት ሸረሪት፣ ማን እንደነገራት እንጃ፣ መስኮታችን ጥግ ላይ ድር ትሠራ ነበር። ለምንዬ በርጩማዋን ትታ አፍንጫዋን መስተዋቱ ላይ ለጥፋ እግሮቿን ቆጠረች። ቀጥላ «አያቴ፣ ሌላው ሁሉ ሲጣበቅ እሷ ራሷ ለምን አትጣበቅም?» አለችኝ። በሰባ ስድስት ዓመቴ ይህን ጠይቄ አላውቅም። እኔም ተነሥቼ አጎነበስኩ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን የት የት እንደምትረግጥ ስናይ፣ ከኋላችን «ተማሪ፣ አለህ?» አለ። አልነበርኩም። ምርምር ላይ ነበርኩ። ቀሪ ተባልኩ።

አምስተኛውን በቁጥር አላስቀምጠውም፤ ቀልድ የለበትም።

ባለፈው ሳምንት የሒሳቡን ጥያቄ ሁሉ ለመለሰ ተማሪ የሚሰጥ የወርቅ ኮከብ ደረሰን። ከኮከቡ ሥር የእኔ ፂምና የእኔ መነጽር አለ። ለምንዬ ብዙ ቆይታ አየችው። «አያቴ፣ የመለስኩት እኔ አይደለሁ? ታዲያ እኔ የታለሁ?» አለችኝ። 

ክቡር ሆይ፣ የፊታችን ሰኞ የማጠቃለያ ፈተና ነው። በመመሪያዎ መሠረት በፈተና ሰዓት አንድ ፊት ብቻ ነው መታየት ያለበት፤ ሁለት ከታየ ኩረጃ ተብሎ ይሰረዛል። እሷ ብቻዋን ብትቀመጥ አይከፈትም። እኔ ብቻዬን ብቀመጥ አራተኛ ክፍል የምገባው እኔ ነኝ። አብረን ብንቀመጥ ሌቦች ነን። ፈተናውን ያልወሰደ ደግሞ ክፍል ይደግማል። ኮከብ ያመጣችበትን ትምህርት እንደገና ከሀ ልትጀምር ነው ማለት ነው፤ ጥፋቷም ሳያነብ የማይፈርም አያት ያላት መሆኑ ብቻ ነው።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ከሰኞ በፊት ፊቴን አንሥተው ፊቷን ያስገቡላት፣ ኮከቡንም ለባለቤቷ ይመልሱላት። ፊቴ ለእኔ ይበቃኛል፤ ዳማው ላይም ከፀጉር አስተካካዩ የማስመልሰው ቦታ አለኝ።

ይህን ጊዜዎን ስለ ሰጡኝ እጅ እየነሣሁ፣ በመሃል ሁለት ጊዜ ፊቴን ለስልኩ አሳይቼ የጨረስኩትን ይህን ደብዳቤ፣ ከወንበሬ መነሣት ባለመቻሌ ተቀምጬ በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

የለምንዬ አያት፣
ጡረተኛ ቁልፍ ሠሪና ትጉ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ

ማስታወሻ፦ መልስ ካላገኘሁ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ለምንዬን፣ እርሳሷንና በርጩማዋን ይዤ ቢሮዎ እመጣለሁ። እሷ ከፊትዎ ተቀምጣ ፈተናዋን ትሠራለች፤ እርስዎም በየአሥር ደቂቃው ቀና እያሉ መኖሯን በገዛ ዓይንዎ ያረጋግጣሉ። በአካል መምጣት መቅረቱን አልዘነጋሁም። በሩን ለመቆለፍ ግን አይድከሙ፤ የጽሕፈት ቤትዎን ቁልፍ የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ደግሞ ፊት አይጠይቅም።