ለጓሮዋ ክፍልህ ቆጣሪ ገባላት

ለምወድህ ባለቤቴ ለተሼ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር አለፈ። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። እኔ ግን ደህና አይደለሁም፣ ቀንቻለሁ። ከሞትኩም በኋላ ትቀናብኛለች ብለህ ትስቅ ይሆናል። ሳቅ።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርህ። ማመልከቻ አስገብተህ ስንት ጊዜ ደጅ የጠናህለት ቆጣሪ ማክሰኞ ገባ። በየእሑዱ ጣውላና አሮጌ ቆርቆሮ እየለቃቀምክ በገዛ እጅህ የሠራሃት የጓሮዋ ክፍል የራሷን መብራት አገኘች። ልጃችን ሜሮን በስፌት መኪናህ ተቀምጣለች፤ የሶማሌ ተራ ደንበኞችህም የተማሪ ዩኒፎርም የሚያሰፉት አሁን እሷ ዘንድ ነው። እጇ እንዳንተ ፈጣን ነው፣ ቁልፍ መትከል ላይ ብቻ ትሰንፋለች።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ወደ አስካለ ልምጣ። የቤታችን መስመር መኪናውንና ካውያውን አልችል ሲል፣ ከሷ ቆጣሪ በአጥሩ ላይ ሽቦ ሳብክ። ምን ይደረግ ብዬ ዝም አልኩ። ካውያው ሲግል የሷ ብሬከር ይወርዳል። አንተ በመቀስህ እጀታ የአጥሩን ቆርቆሮ ሦስቴ ትመታለህ፣ እሷ ሮጣ ትሄድና ከማዶ "ሰቀልኩት!" ትላለች። መብራቱ ይመጣል፣ አንተም ትስቃለህ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሽንኩርት እየከተፍኩ ይህንን ሰማሁ። እኔ ስጠራህ ሦስቴ ካልደገምኩ አትሰማም፤ የሷ ድምፅ ግን አንዴ ይበቃህ ነበር።

በመካከላችሁ ምንም እንዳልነበረ አውቃለሁ። ቅናት አጥንት ያነቅዛል እያልክ ስትገስጸኝም አውቅ ነበር። ግን ቤቱ ውስጥ ዝምተኛ የሆነ ባል አጥር ተሻግሮ ሲስቅ መስማት አንጀት ያሳርራል።

እናም ኤሌክትሪሻኑ እንደመጣ ከሁሉ በፊት የሷን ሽቦ ቁረጥልኝ አልኩት። "እትዬ፣ አዲሱ ሳይገባ ምን አስቸኮለዎት?" አለኝ። አስቆረጥኩት። አስካለ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ ሽቦው ሲጠቀለል አየችና ወደ ቤቷ ገባች። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም።

ከዚያ ሰውዬው አዲሱን ገመድ ግድግዳው ላይ ለማሰር ምስማር መታ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ቆርቆሮው ጮኸ። ከማዶ በር ሲከፈትና ነጠላ ጫማ ሲሮጥ ሰማሁ። ቀጥሎ "ሰቀልኩት!" አለች።

ሽቦው መቆረጡን በዓይኗ አይታለች። አንተን ስንቀብርህም አጠገቤ ቆማ ነበር። ሜሮን መብራት ሲጠፋባት በአፏ ትጣራለች እንጂ ቆርቆሮ አትመታም፤ ያ ያንተ ብቻ ነበር። ልማድ ሆኖባት ሮጠች። ከዚያ ስታለቅስ ሰማኋት።

ሄጄ ላጽናናት ይገባኝ ነበር፣ አልሄድኩም። ቆሜ ቀናሁ፤ በሳቅህ ከቀናሁት ሁሉ የባሰ። ከበሯ እስከ ብሬከሩ በሮጠችባት አፍታ አንተ ለሷ በሕይወት ነበርክና። እኔ እንዲህ ያለች አፍታ አንድም ቀን አላገኘሁም። አትክልት ተራ ቲማቲም ስመርጥም፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ታክሲ ስጠብቅም አለመኖርህን አውቀዋለሁ። ጠዋት ዓይኔን ሳልገልጥ በፊት እንኳ አውቀዋለሁ።

ካውያው አሁን የፈለገውን ያህል ቢግል ምንም አይወርድም፤ ሜሮን ደስ ብሏታል። አስካለን ገና አላነጋገርኳትም። እሄዳለሁ፣ ትንሽ ቀን ስጠኝ።

አልረሳህም፣ ተሼ፤ እሱስ ቃል መግባትም አያስፈልገውም። የምለምነው ሌላ ነው። እንደሷ እኔም አንድ ቀን ልሳሳት። መሞትህን ልርሳና፣ ምሳ ቀርቧል ብዬ ልጥራህ።

ሚስትህ እታገኝ