የተረፈችው የኪኒን ጥቅል

ባን ኖንግ ካም መንደር፣ ኡቦን
መነኮሳቱ ከክረምት ሱባኤያቸው በወጡ በሦስተኛው ቀን

ለምወድሽ ልጄ ለፒኩን፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ኦሳካ መብረድ ጀምሯል አሉ። ያቺን ስስ ሹራብ ብቻ ለብሰሽ ስትሮጪ ይታየኛል፤ ኧረ ደርቢበት! እኔ ደህና ነኝ። ሩዙ ቢጫ ሆኗል፣ አባትሽ የጠገነው የማሳ ድንበርም አልተናደም። አጎትሽ መጥቼ አጭድልሻለሁ ብሏል፤ መቼም እሱንና ቃሉን ታውቂያቸዋለሽ።

ትናንት ስትደውዪ ሥራዬን ትቼ ልምጣ አልሽኝ። አባትሽ አሞኛል ብሎ ሲደውልልሽ፣ ከምትመራመሪባቸው አይጦች ጋር ተጠምደሽ ውሃ ጠጣና ተኛ ብለሽው ነበር። «የኩላሊት ተመራማሪ ሆኜ አባቴን እኔው ገደልኩት፣ እማ» ብለሽ አለቀስሽ። ስልኩን ዘጋሁብሽ። ተቆጥቼ አይደለም፤ በስልክ ልነግርሽ ድፍረት ያጣሁለት ነገር ስላለ ነው።

አባትሽ ከጎርፉ ማግስት በባዶ እግሩ ማሳው ውስጥ ዋለ። ቦቲህን አድርግ ብለው፣ ሩዙ ጫማ አድርጎ ነው እንዴ የሚበቅለው ብሎ ቀለደብኝ። በሳምንቱ ትኩሳት ያዘው፤ ባቱን ሲነኩት ይጮሃል። ጤና ጣቢያ እንሂድ ብለው አሻፈረኝ አለ። እኔም እትዬ ዋን ሱቅ ሄድኩ። ወገቤን፣ ጉልበቴን ለሚል ሁሉ የምትሸጠውን ታውቂያለሽ፤ በትንሽ ላስቲክ የታሸገውን ቅልቅል ኪኒን፣ ቢጫውን፣ ሮዙን፣ ትንሿን ነጭ። ኩላሊት ይጎዳል ብለሽ እንዳልገዛ ያስማልሽኝን። አምስት ጥቅል ገዝቼ አራቱን ሰጠሁት። በማግስቱ በላ፣ ሳቀ፣ ወደ ማሳው ወረደ። እኔም በልቤ፣ ይቺ ልጅ ትምህርት ሲበዛባት ፈሪ ሆነች አልኩ። በሦስተኛው ቀን ሽንቱ ቆመ።

ሆስፒታል ዶክተሯ ከጎርፍ ውሃ በእግር የሚገባ በሽታ ነው አለችና ቤት ውስጥ ምን መድኃኒት እንደወሰደ ጠየቀችኝ። አፌን ስከፍት አባትሽ ቀደመኝ።

«ምንም አልወሰድኩም» አላት። ፊቱ አብጦ ዓይኑ ጠቧል፤ በዚያች ዓይኑ አየኝ። እኔም «ምንም» አልኩ።

ዶክተሯ ስትወጣ «ለፒኩን እንዳትነግሪያት። እኔም ላልኖር እችላለሁ፣ ከእናቷ ደግሞ እንዳትቀያየም» አለኝ። የመጨረሻ ቃሉ እንኳ ይሄ አይደለም፤ የመጨረሻው የምናርስባት ጎሽ ውሃ ጠጣች ወይ የሚል ነበር። አንቺም በስልክ መድኃኒት ሰጥተሽዋል ወይ ስትዪኝ አልሰጠሁትም አልኩሽ።

አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ የቤታችን ደረጃ ላይ ቁጭ ብለን ሥራሽን ያስረዳሽኝ ትዝ ይልሻል? ኩላሊት ራሱን የሚጠብቅበት ፕሮቲን አለው፤ ሰውነት ሲቆጣ የሚልከው መልእክት ግን ያንን ጠባቂ ያመነምነዋል፣ ያውም ኩላሊቱ በሚጎዳበት በዚያው ሰዓት አልሽኝ። ሌባ ሲመጣ የሚጠፋ ምን ዓይነት ዘበኛ ነው ብዬ ቀለድኩ። አልሳቅሽም። ከዚያ ወዲህ ያ ዘበኛ ከአእምሮዬ አልወጣም። አባትሽን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ፣ ልጄ፤ በምፈለግበት ሰዓት ጠፋሁ።

ያን ቀን እውነቱን ብናገር ይተርፍ እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት አንቺ ታውቂው ይሆናል። አንቺ ግን አልገደልሽውም። ይህን እንድታውቂ ስል ለእሱ የገባሁትን ቃል አፈረስኩ፤ ይቅር ይበለኝ።

አምስተኛዋን ጥቅል አልጣልኳትም፤ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። ውስጧ ምን እንዳለ መርምሪ። ሥራሽንም እንዳትተዪ። ያ ጠባቂ ሳይጠፋ የሚቆይበትን መላ ፈልጊ። እዚህ ሰው ሁሉ አሁንም በባዶ እግሩ ውሃ ውስጥ ነው የሚውለው፣ እትዬ ዋንም ሱቋን አልዘጋችም።

የአባትሽ ምርቃት በሄድሽበት ይከተልሽ። በየማለዳው ለመነኮሳቱ ሩዝ ስሰጥ ስሙን አንስቼ ስምሽን አስከትላለሁ። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ፣ እንደፈለግሽ አድርጊኝ። ዝም ብቻ አትበዪኝ።

እናትሽ
ቡንሉዋን