ባለቤቴን ማክሰኞ ማክሰኞ ስለሚጠራው ሞንታርቦ

ይድረስ በአሮጌው ክሊኒክ ግቢ ለተከፈተው ኮሌጅ ዲን፣ ለተከበሩ አቶ ወንድምአገኝ ኃይሉ
ጭሮ

ጉዳዩ፦ ወይዘሮ መይሙና ኢርሻድ ስትጠራ ለምን እንደማትቀርብ ስለማስረዳት

የተከበሩ ሆይ፣

እርስዎም ቤተሰብዎም፣ ከበር እስከ ጓሮ ያሉት ሠራተኞችዎም በሙሉ ጤና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ አላህ ምስጋና ይድረሰውና፣ ከጉልበቴና ከግራ ጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ቀኝ ጆሮዬ ግን አጉል ደህና በመሆኗ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አድርጋኛለችና፣ ቅር ካለዎት እርሷን ይቀየሙ።

ካላወቁኝ፣ በክሪ እባላለሁ። ከግንብ አጥርዎ ማዶ ያለው ቆርቆሮ በር፣ ተማሪዎችዎ ፎቶ ኮፒ ቤት እየመሰላቸው የሚያንኳኩት፣ የእኔ ነው። የልጅ ልጄ ሹክሪያ እርስዎ ዘንድ የጤና አገልግሎት ሥራ አመራርንና ማኅበራዊ አገልግሎትን ትማራለች። በተመዘገበች ሰሞን፣ ታዲያ መርፌ ልትወጊኝ ነው ወይ ብዬ ብጠይቃት፣ አይደለም አባባ፣ እኔ የምማረው ወጊው በሰዓቱ እንዲገኝና ታማሚው ወረፋው ሳይደርሰው እንዳይሞት ማድረግ ነው ብላ አስረዳችኝ። እንዲህ ያለ ትምህርት መኖሩን በማወቄ በጣም ደስ አለኝ። ትንሽ ቀደም ብሎ ቢጀመር ኖሮ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኝ ነበር። ለማንኛውም ለኮሌጅዎ ያለኝን ምስጋና ከዚህ በታች በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ሙታንን ለማስነሳት ስላደረጋችሁት ጥረት አመሰግናለሁ። አንድ ማክሰኞ ዙህር ሰግጄ፣ ጫቴን ይዤ፣ በሬ ሥር ካለው ጥላ እንደተቀመጥኩ ከአጥርዎ ማዶ ሞንታርቦው ጮኸና፣ መይሙና ኢርሻድ ወደ መስኮት ሁለት ይቅረቡ አለ። መይሙና ባለቤቴ ናት። አላህ ይርሐማት፣ ከቀበርናት ሰንብታለች፤ አፈሩንም በገዛ እጄ አልብሻታለሁ። ሞንታርቦው ደገመ። ሠለሰ። ከዚያ ቀሪ ብሎ ወደ ሌላ ስም አለፈ። እኔ ምርቃና መስሎኝ ጫቱን ወርውሬ ጫት ሻጯ ጋ ሄድኩና፣ ይሄ የበደሳ ጫትሽ ሙት ያስነሳል ብዬ ጮኽኩባት። እርሷም ነጋዴ ናትና እንደ ምርቃት ወስዳው፣ በማግሥቱ እዚያው ገበያ ላይ ሙት የሚያስነሳው መጣ እያለች ስትቸበችበው ዋለች።

በኋላ ሹክሪያ እንዳብራራችልኝ፣ መምህር አክረም የሚሰጡት የተግባር ትምህርት ተጠርቶ ስላልቀረበ ታካሚ አያያዝ ነው አሉ። ተማሪው የታካሚውን ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል፣ የሚመጣ ከሌለ ቀሪ ይላል፣ ነጥቡን ይዞ ይወጣል። ለዚህም ስም ሲፈለግ፣ የተዘጋው ክሊኒክ መጋዘን ውስጥ ጥሎት የሄደው የታካሚ ካርድ ክምር ተገኘ። መምህሩ ለከተማችን እንግዳ ናቸውና ስም ስም ብቻ መስሏቸዋል። የአብዛኞቹ ካርዶች ባለቤቶች ዛሬ መቃብር ውስጥ እንደሚገኙ የነገራቸው የለም። በእርግጥ ለማይቀርብ ታካሚ ከእነርሱ የተሻለ አይገኝም፤ በዚህ በኩል ምርጫው የሚደነቅ ነው።

ሁለተኛ፤ ሰፈራችንን ስላቀራረባችሁ አመሰግናለሁ። ጎረቤቴ ሀሚዳ ሁለተኛ ባሏን ምሳ እያበላች ሳለ፣ ሟቹ የመጀመሪያ ባሏ በሞንታርቦ ተጠራ። ሁለተኛው ባል ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀና ብሎ፣ ሀሚዳ፣ ይሄ ሰውዬ ሞቷል ብለሽኝ አልነበረም ወይ አላት። እርሷም፣ ዝም ብለህ ብላ፣ ቢመጣም የሚመጣው መስኮት ሁለት ነው እንጂ እዚህ አይደለም አለችው። ሰፈሩ እየሳቀ ሰነበተ። ሳቁ ግን አልቆየም። አሁን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በእኛ መንገድ ማንም ማንንም በስሙ አይጠራም። እናቶች ልጆቻቸውን ከደጅ የሚያስገቡት በጭብጨባ ነው። ከሚጠሩት ሙታን ጋር እንዳይደባለቁ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ እነርሱም ያውቃሉ። የባጃጅ ልጆች ሳይቀሩ በዚያ ሰዓት ጥሩምባቸውን ቀንሰው ያልፋሉ።

ሦስተኛ፤ እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቅብኛልና ይታገሡኝ። መይሙና የታመመች ዕለት የወሰድኳት ወደዚሁ ግቢ ነበር። ያኔ ክሊኒክ ነው። አሁን ተማሪዎችዎ ደብተራቸውን የሚያስቀምጡበት አግዳሚ ወንበር ላይ ከጠዋት ጀምሮ ተቀመጠች። ከኋላዋ የመጡት ተጠርተው ገቡ፣ ታክመው ወጡ። መስኮቱን ባንኳኳ፣ ስም ሲጠራ ይቀርባሉ አሉኝ። ሰው ፊት የምትቀርብ ናትና ሻርፗን ደጋግማ እያስተካከለች፣ ተው በክሪ፣ አትጨቅጭቃቸው፣ አሁን ይጠሩኛል ትለኝ ነበር። መስኮቱ ሲዘጋም እዚያው ነበረች። በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ አረፈች።

እንግዲህ ተቀምጣ ስትጠብቅ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተጠራችው ሴት፣ ዛሬ በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ጊዜ ትጠራለች። ያልተጠራች ብቻ ብትሆን ምናልባት ታርፍ ነበር። ሞንታርቦው ሲጮህ ግን ከአጥሩ ማዶ ከዚያ ወንበር የምትነሳ ይመስለኛል። ሻርፗን ታስተካክላለች፣ ወደ መስኮቱ ትራመዳለች፣ ሳትደርስ ቀሪ ትባላለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። ወንበሩ ሲንቋቋ እሰማለሁ። የደብተር ክብደት ነው ይበሉኛል እንጂ፣ ሌላ ምን ይሉኛል።

አራተኛ፤ ስለ ሹክሪያ። ይህን ትምህርት ለምን እንደመረጠች ከላይ ካለው ተረድተውታል ብዬ አልደግመውም። ባለፈው ጊዜ ተራዋ ደርሶ ከክምሩ ላይ ካርድ ስታነሳ የወጣው የአያቷ ነበር። በሞንታርቦው፣ መይሙና ኢርሻድ፣ አላህ ይርሐማት አለች። እኛ ዘንድ የሟች ስም ያለዚህ ቃል ከአፍ አይወጣም። መምህሩ፣ እንዲህ የሚል ነገር መመሪያው ላይ የለም፣ አስተካክለሽ ጥሪና ቀሪ በዪ አሏት። እርሷም፣ አያቴ ቀርታ አታውቅም መምህር፣ ከሁሉም ቀድማ መጥታ ነበር ብላ ማይኩን አስቀምጣ ወጣች። ዜሮ ተሰጣት። ከቢሮዎ በተላለፈው ውሳኔ መሠረትም፣ የፊታችን ማክሰኞ ያንኑ ስም ሦስት ጊዜ ጠርታ ቀሪ ካላለች ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም።

አልልም ብላ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ። ችግሩ እሺ ማለቷ ነው። እኔ እንዳላፍርባት፣ ሥራ ይዛም እንድትጦረኝ ብላ እሺ ብላለች። አሁን ጓዳ ገብታ ስትለማመድ እሰማታለሁ። ስሙን ትጠራለች። ትደግማለች። ትሠልሳለች። ቀሪ የምትለዋ ቃል ላይ ስትደርስ ትተዋትና እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። መይሙና በእርስዎ ግቢ መጠራቷ አንሶ አሁን በገዛ ጓዳዋም ትጠራለች ማለት ነው።

ስለዚህ እኔና ሀሚዳ መክረን፣ ሰፈሩንም አማክረን፣ ፈተናውን ልናቀልላት ወስነናል። የፊታችን ማክሰኞ ካርዱ እርስዎ ዘንድ ያለ ሟች ያለን ሁሉ መጥተን ወንበሩ ላይ እንቀመጣለን። የማይበቃን እንደሆነ መሬት ላይ እንቀመጣለን። ሹክሪያ መመሪያው እንደሚያዘው ጮክ ብላ ትጥራ። መይሙና ኢርሻድ ስትል እኔ ከዘራዬን ይዤ ተነስቼ መስኮት ሁለት እቀርባለሁ። የቀረበ ሰው ደግሞ ቀሪ አይባልም። ትምህርቱ ስለሚቀር ሰው ነው የሚሉ ከሆነም፣ የሚቀር ስለማያገኙ ይለውጡትና መጥቶ ተቀምጦ ስላልተጠራ ሰው አያያዝ ያስተምሩ። ለዚህኛው መምህር ከሩቅ ማስመጣት አያስፈልግዎትም፤ በአጥርዎ ዙሪያ ሞልተናል።

ውድ ጊዜዎን ወስጄ ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዕድሜና ጤና ከነሞገሱ እንዲሰጥዎ፣ ቢታመሙም ስምዎን በጊዜው የሚጠራ ሰው እንዳያሳጣዎ ዱዓዬ ነው።

ከግንብ አጥርዎ ማዶ ሆኖ እጅ የሚነሳዎ፣
ታዛዥ ጎረቤትዎ በክሪ

ግልባጭ፦
ለሀሚዳ (ለሁለቱም ባሎቿ እንድታሳውቅ)

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ቢሮዎ ወደ አስፋልቱ ስለዞረ በከባድ መኪናው ድምፅ የተነሳ አልሰሙ ይሆናል እንጂ፣ ባለፈው ማክሰኞ ሞንታርቦው ኃይሉ በላቸው ብሎም ጠርቶ ነበር። የልብስ ሰፊውን የአባትዎን ስም በሰፈሩ የማያውቅ የለም፤ የጎረቤት ኮት ሲሰፉ ክር እንኳ አይቆጥቡም ነበር፣ ደግ ሰው ነበሩ። ሁለት ጊዜ ተጠርተው የሚቀርብ ሲጠፋ፣ ቀሪ ሳይባሉ በአጥሩ ላይ አቤት ብዬላቸዋለሁ። የፊታችን ማክሰኞ ግን እኔ የምቆመው ለመይሙና ነውና፣ ለእርሳቸው አቤት የሚል ሰው ይፈልጉ።