ቤተ መጻሕፍት ያልሄዳችሁባቸው ቅዳሜዎች

ውድ ታምራት፣

ከተለያየን ዓመት አለፈ። ሱቁ አሁንም አየር ጤና እዚያው ቦታው ላይ ነው፤ የተማሪ ቦርሳና ዩኒፎርም እሸጣለሁ። የሚያፈሰውን ጣራ አስጠግኛለሁ። ትንሿ ልጃችን ሶስና ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁመቷ ወደ አንተ ነው። ሌላውንም የቤቱን ወሬ ባወራህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን የተቀየምኩህ ነገር አለ።

የትልቋ ልጃችን የሊዲያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መጣ። አላለፈችም። የጣላት ሂሳብ ነው።

ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ምን እንዳልኩህ ታስታውሳለህ። ለመስከረም የሚሸጥ ቦርሳ የሚገዛው በግንቦት ነው፣ ጳጉሜን ላይ መርካቶ የሚሮጥ ነጋዴ የሰው ትራፊ ይዞ ይመለሳል፣ የልጅም ትምህርት እንደዚያው ነው አልኩህ። ሳቅክብኝ። «አንቺ ደግሞ፣ ልጅቷንም እንደ ዕቃ ልታስጭኛት ነው? ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ይደርሳል» አልከኝ። ሁለት ዓመት ተከራከርን። ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ተስማማህ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጦር ኃይሎች አካባቢ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ልትወስዳት፣ ሂሳቡን ራስህ ልታስጠናት። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ እኔ ሱቅ እውላለሁ። ማታ ስትመለሱ እንዴት እንደዋላችሁ ስጠይቅ «ዛሬማ አስጨነቅኳት» ትለኝ ነበር። እሷም አንገቷን ደፍታ ትስቃለች። ደክሟታል ብዬ ቅዳሜ ማታ ሥራ አላዛትም ነበር።

እውነቱን የሰማሁት በለቅሶህ ነው። ድንኳኑ ውስጥ የቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን መሪ አጠገቤ ተቀምጦ ሊያጽናናኝ ብሎ፣ «እህቴ፣ ታምራት እኮ ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም። ሊዲያን ይዞ ለመዝሙር ልምምድ ከሁላችን ቀድሞ ይገኝ ነበር» አለኝ። ዙሪያው ያሉት አሜን አሉ። እኔም አሜን አልኩ። ባሌ ልጄን ቤተ ክርስቲያን ወሰዳት ብሎ ማን ይከሳል?

በግልጽ ብትነግረኝ እከራከርህ ነበር፤ ምናልባትም ትረታኝ ነበር። ያቆሰለኝ መዝሙሩ አይደለም። ወደ ቤት ስትመጡ ምን እንደምትነግሩኝ መንገድ ላይ መስማማታችሁ ነው። ገበያ ላይ ማንም እንዳያታልለኝ ስጠነቀቅ የኖርኩ ሴት፣ በገዛ ቤቴ መጠንቀቅ እንዳለብኝ አላሰብኩም።

በቀረው አንድ ዓመት አስጠኚ ቀጠርኩላት። የዘጠነኛው ሂሳብ ሳይገባት የአሥራ ሁለተኛው ከየት ይምጣ? ውጤቱ የመጣ ዕለት ተቆጣሁ፤ የአንተንም ስም አነሳሁ። «እማዬ፣ አባዬን አትንኪው። ከእሱ የቀሩኝ እነዚያ ቅዳሜዎች ናቸው» አለችኝ። እነሱን ልነጥቃት አልችልም።

ሊዲያ በግሏ ድጋሚ ልትፈተን ተመዝግባለች። የሶስናን ነገር ግን ለማንም አደራ አልሰጥም። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜ ሱቁ ዝግ ነው፤ ሁለቱንም ቤተ መጻሕፍት የምወስዳቸው እኔው ነኝ። ጎረቤቴ ዕቃ ሻጯ «ቅዳሜ የሚዘጋ ሱቅ የት አገር አየሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ልጆቹ የሚማሩትን ሂሳብ አላውቀውም፤ አጠገባቸው ተቀምጬ መዋል ግን እችላለሁ።

አስታውስሃለሁ፣ ታምራት። ድምፅህ እንዴት ያምር እንደነበር ለሶስና እነግራታለሁ፤ ሰው ሲያመሰግንህም አላቋርጥም። መቼ ይቅር እንደምልህ ግን አላውቅም። የሆዴን የማወራው ለአንተ ብቻ ነበር፤ ቅያሜዬንም የምነግረው ሌላ ሰው ስለሌለኝ ለአንተው እነግርሃለሁ።